ቀለም ውሃ አያቆምም

ከበዓላት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል የክሊኒካችን ስልክ መጮህ ይጀምራል። «ልጁን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው አደረ»፣ «እማማ ትንፋሽ አጠራት»፣ «የኢንሃላጽያው ማሽን ተበላሸብን»። እኛ የኩፓት ሆሊም ነርሶች መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ እናሳያለን፤ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እናስይዛለን። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳንጠይቅ እንቀራለን፤ የመኝታ ቤታችሁ ግድግዳ ምን ይመስላል? ብንጠይቅም የምናገኘው መልስ «ደህና ነው፣ ምንም አይል» የሚል ነው። ቤት ለቤት ስንሄድ አልጋው ከግድግዳ ተጠግቶ፣ ከአልጋው ኋላ ምንጣፍ ወይም አሮጌ ጋቢ ተሰቅሎ እናያለን። እሱን ገለጥ ስናደርገው ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል።

በመደበቁ አንፈርድም፤ የቤት ገመና ነው። የእኛ ወላጆችም ቤት እንዲሁ ነበር።

ወላጆቻችን በ1990ዎቹ በማሽካንታ የገዟት ቤት በአሮጌ ሺኩን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። መታጠቢያ ቤቷ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ነበረች፤ ገንዳው፣ መቀመጫውና የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ተጨናንቀውባት ሁለት ሰው አይቆምባትም። አባታችን በየዓመቱ ለፋሲካ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ይገዛል። ግድግዳውን ይፍቃል፣ ይቀባል፣ ቤቱ በዓል በዓል ይሸታል። ሐኑካ ሲደርስ ጥቁሩ ነጠብጣብ እዚያው ቦታው ላይ ነው። እናታችን በኤኮኖሚካ ታሸዋለች፤ ለአንድ ሳምንት ይነጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። እኛ ልጆቹ በዚህ ሁኔታ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አደግን። ከመካከላችን ትንሹ ወንድማችን ክረምቱን በቬንቶሊን ነበር የሚያልፈው።

አድገን ሥራ ስንይዝ ገንዘብ አዋጣን፤ እናታችን የዕቁብ ገንዘቧን ጨመረችበት። ዘመድ የጠቆመንን ሺፑጽኒክ አመጣን። ሰውየው ቤቱን በአምስት ደቂቃ አይቶ «በአራት ቀን እጨርሳለሁ» አለ። ጨረሰም። አዲሱን ሴራሚክ በአሮጌው ላይ ለጠፈው፤ ከኋላው መብራት ያለው መስተዋት ሰቀለ፤ 14 ሺህ ሼቄል በእጁ ተቀብሎ ሄደ። ያለ ደረሰኝ፤ «መዓም አትከፍሉም፣ ለእናንተ ብዬ ነው» አለን። እኛም አመሰገንነው! በአራተኛው ወር እርጥበቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ፣ ወላጆቻችን ከሚተኙበት ክፍል በኩል ወጣ። በዚያው ሳምንት የታችኛዋ ጎረቤት የጣሪያዋን ፎቶ በስልኳ ይዛ መጣች። የሺፑጽኒኩ ስልክ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

በመጨረሻ ፍሳሽ የሚፈልግ ባለሙያ በካሜራ አየው። ከወለሉ በታች ያለው አሮጌ የብረት ቧንቧ ዝጎ ተበስቶ ነበር፤ ቀዳዳው ከመርፌ አይበልጥም። በዚህ አገር የድሮ ቤቶች የወለሉ ባላጣ የተነጠፈው አሸዋ ላይ ነው። ውሃው በአሸዋው ውስጥ ለውስጥ ይሄድና ከፈሰሰበት ርቆ፣ ሌላ ክፍል ግድግዳ ላይ ይታያል። አባታችን ያን ሁሉ ዓመት ይቀባ የነበረው ቧንቧው ያለበትን ቦታ እንኳ አልነበረም። አዲሱ ሴራሚክ ሁሉ ተሰበረ። ያ 14 ሺህ ሼቄል የትምህርት ቤት ክፍያችን ሆነ።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ የመታጠቢያ ቤት ሥራ የሚጀመረው ሴራሚክ በመምረጥ አይደለም። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ፤ ቀጥሎ ቧንቧው ይለወጥ፣ ወለሉና ግድግዳው ውሃ እንዳያሳልፍ ኢቱም ይደረግለት፤ ውበቱ መጨረሻ ይምጣ። ገንዘብ ካነሰ ከሚታየው ላይ ይቀነስ እንጂ ከማይታየው ላይ አይቀነስ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ እንግዳ የሚያየው ሴራሚኩን ስለሆነ።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መሐንዲስ ከመጥራት በፊት የዚህ አገር የአየር ጠባይ ራሱ ይረዳናል። እዚህ በበጋ ዝናብ የለም። በኦገስት ወር፣ ሁሉ ነገር በደረቀበት ጊዜ ግድግዳው እርጥብ ከሆነ ሰማዩን አትውቀሱ፤ ቧንቧ ወይም የፍሳሽ መስመር ነው። ከትልቅ ዝናብ በኋላ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ቢጫ ወይም ቡናማ ክብ ከታየ ከጣሪያው፣ ከውጭው ግድግዳ ስንጥቅ ወይም ከመስኮቱ ጠርዝ የገባ ውሃ ነው። በጃንዋሪ ብርድ፣ በክፍሉ ማዕዘንና ከቁም ሳጥን ኋላ ጥቁር ነጠብጣብ እንደ በርበሬ ዘር ተበትኖ ከታየ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛ ኮንክሪት ላይ አርፎ ውሃ የሆነ ነው።

ሁለት ቀላል ፈተናዎችም አሉ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፤ የልብስ ማጠቢያውም አይሠራ፤ የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይጠቀም፣ ሽንት ቤቱም ሳይለቀቅ፣ እንደገና አንሱት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ የሽንት ቤቱ ታንክ እያንጠባጠበ እንደሆነም አብራችሁ እዩ። ሁለተኛው፣ እርጥቡ ቦታ ላይ የወጥ ቤት አሉሚኒየም ወረቀት ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቁና አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ወረቀቱ በክፍሉ በኩል ከረጠበ እንፋሎት ነው፤ በግድግዳው በኩል ከረጠበ ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከእኛ ሰዎች መካከል ስለ ሻጋታ አመልክተው «ወጥ ታበዛላችሁ፣ እንጀራ ትጋግራላችሁ፣ መስኮት አትከፍቱም» የተባሉ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ ምጣድም፣ ለሰዓታት የሚንተከተክ ወጥም፣ በክረምት ቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስም እንፋሎት ይሰጣል። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያም እንዲሁ። ነገር ግን ምጣድ በኦገስት ግድግዳ አያረጥብም፤ የታችኛዋን ጎረቤት ጣሪያም አያንጠባጥብም። ምክሩን እንቀበል፤ ጥፋቱን ግን ሳይመረመር አንቀበል።

ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ በዲሴምበር 2020 አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ነበሩ፤ የሚኖሩት በኪራይ በማኅበራዊ መኖሪያ ቤት ነው። አባትየው በ2017፣ ልጁ ሳይወለድ ገና፣ ስለ ሻጋታው ሲያመለክት የተሰጠው መልስ «ቀለም ቀባበት» የሚል ነበር። በኖቬምበር 2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን ልጁ የሞተው ለረጅም ጊዜ በቤቱ ሻጋታ ውስጥ በመኖሩ በመጣ የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው ስትል ወሰነች። ቤቱን የሚያስተዳድረው ድርጅትም ስለ ቤተሰቡ አኗኗርና አስተጣጠብ ያለ ማስረጃ ገምቶ እንደነበር አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። በ2023 በሕፃኑ ስም የሚጠራ ደንብ በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ገባ። እኛ ነርሶች ይህን ታሪክ ስንሰማ የታየን አንዳንድ የምናውቀው ቤት ነው።

ከሕክምና በኩል ነገሩን ሳናጋንን እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ እርጥብ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለደረት ማፏጨትና ለአስም የበለጠ እንደሚጋለጡ ገልጿል። ሳል ሁሉ ከሻጋታ ነው ማለት አይደለም። ጉንፋንም አለ፣ ሲጋራም አለ። ግን ሕፃን፣ አስም ያለበት ልጅ፣ የሳንባ ሕመም ያለበት ሽማግሌ፣ ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ እሱን ከዚያ ግድግዳ አጠገብ አታስተኙት። ሌላ ክፍል ከሌለ ቢያንስ አልጋውን ወደ መካከለኛው ግድግዳ አዙሩት።

በጽዳት ሥራ ዕድሜያቸውን ለፈጁ እናቶቻችን ይህን መንገር የሚያሳፍር ቢሆንም እንናገረዋለን። ኤኮኖሚካን ከመሲር አቫኒት ወይም ከሑምጻት ሜላሕ ጋር በፍጹም አትደባልቁ። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አንድ ላይ ደግሞ የበለጠ ያጸዳሉ» እንላለን፤ የሚወጣው ግን የክሎር ጋዝ ነው። መስኮቷ በተዘጋች ትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ከአሞኒያ ጋርም እንዲሁ አይቀላቀልም። ሻጋታን ስታጸዱ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆች ይውጡ፣ በደረቁም አትፈግፍጉት፤ ዱቄቱ በአየር ላይ ተበትኖ ወደ ደረት ይገባል። ደግሞም የቱንም ያህል ብታጸዱት፣ ውሃው ካልቆመ ይመለሳል።

ጎንደር ላይ ወላጆቻችን በየዓመቱ ጎጆአቸውን በጭቃና በጭድ ይለስኑ ነበር፤ የምድጃው ጢስ በሣሩ ክዳን ሲያልፍ ያደርቀዋል፤ ቤቱ ይተነፍሳል። (ጢሱን ግን አንናፍቀውም፤ የስንቱን እናት ዓይንና ደረት እንደጎዳ እናውቃለን።) የሺኩን ቤት ኮንክሪት ነው፤ ካልከፈቱለት አይተነፍስም። ብርድ ይገባል ብለን ትሪሱን ቀኑን ሙሉ ዘግተን እንውላለን። በቀን ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ለአሥር ደቂቃ መክፈት ቤቱን ብዙም አያቀዘቅዘውም፤ እንፋሎቱን ግን ያስወጣዋል። ቁም ሳጥኑን ከውጭው ግድግዳ አንድ ጣት ሳይሆን አንድ መዳፍ ያህል አርቁት። በብዙ ቤት ደግሞ የልብስ ማስጫው በረንዳ በአሉሚኒየም ተዘግቶ ክፍል ሆኗል፤ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት የሚከፈተው ወደዚያ ነው። እንፋሎቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ አይወጣም። ቬንታ ስታስገቡ ቱቦው እስከ ውጭ ድረስ መድረሱን በዓይናችሁ እዩ፤ ከሻወር በኋላም ሩብ ሰዓት ያህል ይሥራ።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ ወረቀቱ እንመለስ፤ ወላጆቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና።

ማሽካንታ ያለበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የቢቱዋሕ ሚቭኔ፣ ማለትም የሕንፃ ኢንሹራንስ፣ በየወሩ ይከፍላል። ወላጆቻችን ሃያ ዓመት ከፍለዋል፤ ምን እንደሚሸፍን ግን ማንም አንብቦላቸው አያውቅም። ብዙ ውሎች የቧንቧ ፍሳሽን ይጨምራሉ፤ አንዳንዱ አይጨምርም፤ አንዳንዱም ኩባንያው የሚልከው ኢንስታላቶር ብቻ እንዲሠራ ያዛል። ስለዚህ አንድ ባላጣ ከመሰበሩ በፊት ውሉን አስነብቡ፣ ደውሉ። እኛ ደውለን ቢሆን ኖሮ የሂሽታትፉት ዓጽሚት ድርሻችንን ብቻ በከፈልን ነበር። ሰብረን ከጨረስን በኋላ ስንደውል «ሳናየው እንዴት እንክፈል?» ተባልን።

ውሃው ከጣሪያ፣ ከውጭ ግድግዳ ወይም ፎቆቹን ሁሉ ከሚያገለግል የፍሳሽ ቧንቧ ከሆነ ወጪው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የጋራ ንብረት ስለሆነ ቫዓድ ባይት ከሁሉም ነዋሪ ሰብስቦ ማሠራት አለበት። እምቢ ካሉ በታቡ ቢሮ የሚቀመጠው መፋቄያሕ ዓል ሪሹም መቃርቂዒን የሚባለው ዳኛ የጎረቤት ክርክር ያያል። ተከራይ ከሆናችሁ በ2017 የወጣው የፍትሐዊ ኪራይ ሕግ አከራዩ ጉድለቱን በተጠየቀ በ30 ቀን ውስጥ፣ ቤቱን መኖሪያ የማያደርግ አስቸኳይ ጉድለት ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ እንዲያሠራ ያስገድደዋል። በመንግሥት ቤት የምትኖሩ ደግሞ በደወላችሁ ቁጥር የማመልከቻውን ቁጥር፣ ሚስፓር ፕኒያ የሚባለውን፣ ጠይቃችሁ ጻፉት። በቃል የተነገረ አቤቱታ የለም ማለት ነው።

ሺፑጽኒክ ሲመጣ የዘመድ ጥቆማ ጥሩ ነው፤ ወረቀትን ግን አይተካም። «የእኛው ልጅ ነው፣ ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው» የሚለውን እንተው፤ ታማኝ ሠራተኛ በወረቀት አይቀየምም፣ በማኅበረሰባችን ውስጥ ሙያውን አክብረው የሚሠሩ ወጣቶች አሉና እነሱም በወረቀት ይጠቀማሉ። ውሉ ላይ አሮጌው ሴራሚክ እስከ ግድግዳው ድረስ እንደሚነሳ፣ ቧንቧው እንደሚለወጥ፣ ኢቱም እንደሚደረግና በምን ዕቃ እንደሚደረግ፣ ለስንት ዓመት አሕራዩት እንዳለው ይጻፍ። ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት የፍሳሹ ቀዳዳ ተዘግቶ ወለሉ ላይ ውሃ ይሞላና ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይተው፤ ታች ያለችው ጎረቤት ጣሪያዋን ትመልከት። ይህን ፈተና የማይወድ ሠራተኛ ቢኖር እኛ አንቀጥረውም። ክፍያው በደረጃ ይሁን፤ የመጨረሻው ድርሻ ሥራው ተፈትኖ ካለቀ በኋላ ይሰጥ። የ18 ከመቶ መዓም ማትረፍ ያስደስታል፤ ያለ ደረሰኝ ግን በትናንሽ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ስትቆሙ ያን ሰው እንደከፈላችሁት እንኳ ማስረዳት ይቸግራል። ያ ፍርድ ቤት ጠበቃ አይፈልግም፤ ልጃችሁ አብሯችሁ ቢሄድ ይበቃል።

በር እያንኳኳ ወይም በስልክ እየደወለ «እርጥበት የሚያጠፋ መሣሪያ» የሚሸጥ ሰውም አለ። ፈርማችሁ ከሆነ አትሸበሩ። በ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት ዕድሜው 65 የሞላው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ከመጣ አምስት ዓመት ያልሞላው ዖሌ እንዲህ በር ላይ ወይም በስልክ ተነጋግሮ የገዛውን ዕቃ እስከ አራት ወር ድረስ መሰረዝ ይችላል። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፤ ቅጂውን ያዙ።

ግድግዳው አንዴ ከተከፈተ፣ እባካችሁ የእርጅናውንም ነገር አብራችሁ አስቡ። እንደ ነርስ በዚህ ላይ እንሟገታለን። የገንዳውን ከፍታ ተሻግሮ መግባት ለሰባ ዓመት ሰው ተራራ ነው። ገንዳውን አውጥቶ ከወለሉ እኩል የሆነ፣ የማያንሸራትት ሻወር ማድረግ የተሻለ ነው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በገላው ይዘጋል፣ ረዳትም መግባት ያቅተዋል። ይህን በዓይናችን አይተናል። የእጅ መያዣው ብረት ሴራሚኩ ሲለጠፍ ታስቦበት በግድግዳው ውስጥ በደንብ ይታሰር፤ የፎጣ መስቀያ መያዣ አይደለም። የድሮ ሺኩን ክፍል ማካፈያ ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎክ ስለሆነ ተራ ብሎን አይይዝም። እግረ መንገዳችሁን የተመሰከረለት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የቤቱን ሳጥን አይቶ መምሳር ፐሐት መኖሩን ያረጋግጥ፤ እርጥብ ግድግዳና አሮጌ ሽቦ አብረው አይኖሩም። የሻወር ወንበር መግዛት አያስፈልግም፤ ያድ ሳራ በመያዣ ገንዘብ ያውሳል። በኩፓ በኩል መራፔት በዒሱቅ ቤታችሁ መጥታ ምን የት መታሰር እንዳለበት እንድታሳይ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ሥራው ሳይጀመር እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም።

ልጆችን በተመለከተ ራሳችንን እንወቅሳለን። ሆስፒታል ወላጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን፣ እንተረጉማለን። ሺፑጽኒኩ ሲመጣ ግን ሥራ ላይ ነበርን፤ አባታችን ብቻውን በማያነበው ቋንቋ ተስማማ። ለቤቱ ሥራም እንደ ሆስፒታሉ አንድ ቀን ፈቃድ ይወሰድ። እናንተም «ልጆቹን አናስቸግር» አትበሉ።

ወላጆቻችን ቤት ቧንቧው ከተለወጠ በኋላ ግድግዳው እስኪደርቅ ሳምንታት ጠበቅን፤ አባታችን በየቀኑ በመዳፉ እየዳበሰ «አሁንስ ልቀባ?» ይል ነበር። የተቀባው በበጋ ነው። ክረምቱ አልፎ ማዕዘኑ ነጭ ነው። የተረፈው የቀለም ባልዲ በረንዳው ላይ አለ፤ አባታችን ለምን እንደሚያስቀምጠው አልጠየቅነውም።

ቤታችሁ እርጥበት ካለ በዚህ ሳምንት ግድግዳውን ቀኑ እንዲታወቅ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ክሊኒክ ስትመጡም አሳዩን። ያው አንድ ፎቶ ለሐኪሙም፣ ለቢቱዋሑም፣ ለቫዓድ ባይቱም ያገለግላል።